ቃል ኪዳን የሚከበረው ጠባቂ ሲኖረው ነው

(በየካ ክፍለ ከተማ ለመራጮች የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)




ከሾላ፣ ከመገናኛ፣ ከኮተቤ፣ ከካራ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮንና ከእንጦጦ ግርጌ ሥራችሁን ትታችሁ፣ የትራንስፖርቱን ችግር ችላችሁ ስለመጣችሁ በፓርቲያችን ስም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ውኃና ስለ ሥራ አጥነት ፓርቲያችን ያለውን አቋም በዚህ ጽሑፍ ሌሎች ክፍሎች ታገኙታላችሁ። እኔ የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። እርሱም የምትሰጡት ድምፅ ኮሮጆ ውስጥ ከገባ በኋላ ማን ይጠብቀዋል የሚለው ነው።

ይህን ጉዳይ የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቤት ለቤት እየዞርን ፕሮግራማችንን ስናስረዳ ከሁሉ በላይ የሚቀርብልን ጥያቄ ይህ ነው። «መርጠን አይተነዋል፤ ምን አተረፍን?» የሚሉን ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ይህን የሚሉት ስለ አገራቸው ግድ የሌላቸው ሰዎች አይደሉም፤ ከማንም በላይ ተስፋ አድርገው የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ለጥያቄው በመፈክር ሳይሆን በመረጃ መልስ መስጠት ይገባናል።

ድምፅ ነበረ፤ ጠባቂ ተነፈገው

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ። በተወካዮች ምክር ቤት የአዲስ አበባን 23 መቀመጫዎች በሙሉ፣ በከተማው ምክር ቤት ደግሞ ከ138 መቀመጫዎች 137ቱን ለቅንጅት ሰጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በደረሰው ግድያ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ሕይወታቸውን ማጣታቸውን በሕግ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋግጧል። ከእነዚህ ሟቾች የአንዳንዶቹ ወላጆች ዛሬም በዚህች ከተማ ይኖራሉ።

ከዚያ ምርጫ ታሪክ ብዙ የማይነገርለት አንድ ክፍል አለ። የአገር ውስጥ ሲቪክ ማኅበራት ምርጫውን እንታዘባለን ብለው ሲነሡ የምርጫ ቦርዱ በመመሪያ ከለከላቸው። ማኅበራቱም ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ቦርዱ ይግባኝ ቢልም የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸናው። ነገር ግን የመጨረሻው ውሳኔ የተሰጠው ምርጫው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ታዛቢ አሠልጥኖ፣ መታወቂያ አዘጋጅቶ በመላ አገሪቱ ማሰማራት የማይቻል ሆነ። መብቱ በወረቀት ተገኘ፤ ጊዜው ግን አለፈ።

ይህን የማኅበራት ጥረት ካስተባበሩት መካከል አቶ ነፃነት ደምሴ፣ ከእርሳቸውም ጋር በሲቪክ ማኅበራት ሥራ የሚታወቁት አቶ ዳንኤል በቀለ በ1998 ዓ.ም. ታሰሩ፤ በ2000 ዓ.ም. ተፈርዶባቸው በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ተፈቱ። አቶ ዳንኤል በቀለ፣ ዛሬ ዶክተር፣ ከ2011 እስከ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ሆነው አገልግለዋል። በቅንጅት አመራርነታቸው የታሰሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳም ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድን በሰብሳቢነት መርተዋል። ትናንት እንደ ወንጀለኛ የተቆጠረ ሥራ ነገ የአገር ሥራ ሆኖ ሊገኝ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በከተማችን የጸደቀው ቻርተር

ከየካ ተራራ ወይም ከእንጦጦ አናት ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚመለከት ሰው የአፍሪካ ኅብረትን ረጅም ሕንፃ ያያል። ሕንፃው በጥር ወር 2004 ዓ.ም. ሲመረቅ ያረፈው «ዓለም በቃኝ» ይባል በነበረው እስር ቤት ቦታ ላይ ነው። በዚያ እስር ቤት ስንት ኢትዮጵያዊ ያለ ፍርድ እንደማቀቀ ታሪክ ያውቀዋል። ብዙዎቻችን ሕንፃውን የምናውቀው በስብሰባ ሰሞን መንገድ ሲዘጋብን ነው። በኅብረቱ ስብሰባ በእኛ ስም የተፈረመውን ግን የነገረን የለም።

ጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካ የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የመልካም አስተዳደር ቻርተርን አጸደቁ። ኢትዮጵያ ቻርተሩን ፈርማ በኅዳር 2001 ዓ.ም. ካጸደቁት የመጀመሪያ አገሮች አንዷ ሆነች። የ15 አገሮች ማጽደቂያ ተሟልቶ ቻርተሩ በየካቲት 2004 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ የሕግ አካል መሆናቸውን ይደነግጋል። በመሆኑም ይህ ቻርተር የሩቅ አገር ወሬ ሳይሆን የእናንተ ሕግ ነው።

ታዲያ ምን ይላል? አንቀጽ 17 ነፃና ገለልተኛ የምርጫ አካል እንዲኖር፣ የምርጫ ክርክር በወቅቱ የሚታይበት ሥርዓት እንዲዘረጋ፣ ተወዳዳሪዎች ሁሉ በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ፍትሐዊ ድርሻ እንዲያገኙ ያዛል። አንቀጽ 23 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን መያዝን ያወግዛል፤ በዚያ ብቻ አያቆምም። በነፃ ምርጫ የተሸነፈ መንግሥት ሥልጣን አላስረክብም ቢል፣ ወይም ሕገ መንግሥቱን ዴሞክራሲያዊ የሥልጣን ለውጥን በሚያደናቅፍ መንገድ ቢያሻሽል፣ ያም ሕገወጥ የመንግሥት ለውጥ ተብሎ እንዲቆጠር ይደነግጋል። አንቀጽ 12 እና አንቀጽ 28 ደግሞ መንግሥታት ሲቪክ ማኅበራት በሕግ መሠረት የሚኖሩበትንና የሚሠሩበትን ሁኔታ እንዲያመቻቹ፣ ከእነርሱም ጋር ጠንካራ አጋርነትና ውይይት እንዲገነቡ ያስገድዳሉ። በአንቀጽ 49 እያንዳንዱ አባል አገር በየሁለት ዓመቱ ምን እንደሠራ ሪፖርት ማቅረብ አለበት። በአንቀጽ 44 መሠረትም ቻርተሩ በሰፊው እንዲታወቅ ማድረግ የመንግሥታት ግዴታ ነው።

እስቲ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ሁሉ አስቡት። ይህን ቻርተር በወረዳችሁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ያየ አለ? ልጁ በትምህርት ቤት ተምሮት ያስረዳው ወላጅ አለ? የማያውቀውን መብት የሚጠይቅ ሕዝብ የለም። ያልተነገረንም ስለዚህ ነው።

በአንድ ዓመት የወጡ ሁለት ሰነዶች

ኢትዮጵያ ቻርተሩን ያጸደቀችው በኅዳር 2001 ዓ.ም. ነው ብያለሁ። ከአንድ ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621ን አጸደቀ። በአንድ እጅ ከሲቪክ ማኅበራት ጋር አጋር እሆናለሁ ብሎ የፈረመ መንግሥት በሌላው እጅ ማኅበራቱን የሚያሽመደምድ ሕግ አወጣ። አዋጁ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት፣ በዴሞክራሲ፣ በሴቶችና በሕፃናት መብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። በድሃ አገር ለመብት ሥራ ከአገር ውስጥ በቂ ገንዘብ እንደማይገኝ ሕጉን ያወጡት ሰዎች አሳምረው ያውቁ ነበር።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። በ1984 ዓ.ም. በፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና በባልደረቦቻቸው የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ፣ ሁላችንም ኢሰመጉ የምንለው፣ ስሙን እንዲለውጥ ተገደደ፤ የባንክ ሒሳቡ ታገደ፤ ከ12 ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶቹ 9ኙን ዘጋ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ሒሳቡ ታግዶ ለተበደሉ ሴቶች ይሰጥ የነበረው ነፃ የሕግ አገልግሎት ተዳከመ። ባሏ የደበደባት፣ ቀለብ የተከለከለች፣ ልጇ የተደፈረችባት የከተማችን እናት የምትሄድበት በር ጠበበ ማለት ነው። ዴሞክራሲ ሲጠቃ የሚጎዳው ፖለቲከኛ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ያስብ።

በምርጫውም የታየው ይኸው ነው። በ2002 ዓ.ም. ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱንም ያዙ። በ2007 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት በቀድሞው የናሚቢያ ፕሬዚዳንት ሂፊኬፑኔ ፖሃምባ የሚመራ የታዛቢዎች ቡድን ልኮ ነበር። ቡድኑ ምርጫው ሰላማዊና ተዓማኒ ነበር ብሎ ተመለሰ። ለጥቂት ቀናት የመጣ እንግዳ በመንደሩ ውስጥ ለወራት የተደረገውን የሚነግረው ነፃ የአገር ውስጥ ማኅበር ካልጠበቀው ሌላ ምን ሊያይ ይችላል? ሕዝቡ ግን ያየውን ያውቅ ነበር። ምርጫው ካለቀ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ አገሪቱ በተቃውሞ ተናወጠች። በምርጫ መውጫ ያጣ ብሶት ወደ አደባባይ ወጣ።

አዋጅ ቁጥር 621 በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ። ፓርቲያችን ያን እርምጃ በጊዜው ትክክለኛ እርምጃ ነበር ይላል። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ የአገር ውስጥ ማኅበራት ተባብረው መታዘብ የቻሉትም በዚያ ለውጥ ምክንያት ነው። ይህም ሆኖ በ2017 ዓ.ም. ኢሰመጉን ጨምሮ በርካታ የመብት ድርጅቶች በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ታግደው፣ ከወራት በኋላ እገዳው ተነሣላቸው። በደብዳቤ የሚነሣ እገዳ ነገም በደብዳቤ ይመለሳል። ነፃነት በባለሥልጣን በጎ ፈቃድ ላይ የሚቆም ከሆነ ነፃነት ሊባል አይችልም።

ሌሎች አፍሪካውያን እንዴት ተሳካላቸው?

«የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ማኅበር ነው፤ እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ» የሚል ሐሳብ በተደጋጋሚ ይሰማል። ሐሳቡ ከእውነት የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በቻድ ፕሬዚዳንት ኢድሪስ ዴቢ ሲሞቱ ወታደሮች ልጃቸውን ሥልጣን ላይ አስቀመጡ፤ ኅብረቱም ቻድን ሳያግድ አለፈ። ማሊ፣ ቡርኪናፋሶና ኒጀር መፈንቅለ መንግሥት አካሂደው ሲታገዱ፣ የምዕራብ አፍሪካን የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ፣ ኤኮዋስን፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ጥለው ወጡ። ስምምነት ብቻውን ተአምር አይሠራም።

ነገር ግን ጋምቢያን እንመልከት። ያህያ ጃሜህ እ.ኤ.አ. በ1994 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዘው 22 ዓመት ገዙ። በጋምቢያ መራጩ ድምፁን የሚሰጠው የብርጭቆ ብይ በበርሜል ውስጥ በመጣል ነው፤ ብዩ ሲወድቅ ደወል ስለሚያሰማ ሁለት ጊዜ የሚመርጥ ሰው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 በተደረገው ምርጫ ጃሜህ በአዳማ ባሮው ተሸነፉ። መጀመሪያ ሽንፈታቸውን ተቀብለው በቴሌቪዥን እንኳን ደስ ያለዎት አሉ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ውጤቱን አልቀበልም አሉ። ያን ጊዜ የጠበቆች ማኅበር፣ የሐኪሞች ማኅበርና የመምህራን ማኅበር በይፋ መግለጫ አወጡ። ወጣቶች «ጋምቢያ ወስናለች» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ለብሰው ወጡ። ኤኮዋስም እ.ኤ.አ. በ2001 ባጸደቀው የዴሞክራሲና የመልካም አስተዳደር ፕሮቶኮል ላይ ተመርኩዞ መሪዎችን ለሽምግልና ላከ፤ እምቢ ሲባል ጦሩን ወደ ድንበር አስጠጋ። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ጃሜህ አገር ለቀው ወጡ። የጎረቤት መንግሥታት ለመነሣት ድፍረት ያገኙት የአገሩ ሕዝብ በማኅበራቱ በኩል አንድ ቃል ስለተናገረ ነው። ማኅበራቱም ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት የሚጠሩት ስምምነት ስለነበረ ነው።

ማላዊ ደግሞ ሌላ ትምህርት ትሰጠናለች። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 በተደረገው ምርጫ የውጤት ቅጾች ላይ በማጥፊያ ቀለም ቁጥር እየተፋቀ ተገኘ። የውጭ ታዛቢዎች ምርጫው በአብዛኛው ደህና ነበር ብለው ሄደው ነበር። የማላዊ የመብት ተሟጋቾች ጥምረት ግን ሕዝቡን አስተባብሮ ለወራት በአደባባይ ጠየቀ፤ ተቃዋሚዎች ቅጾቹን ይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዳኞችም እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 2020 ምርጫውን ሰረዙት። በሰኔ ወር በተደገመው ምርጫ ተቃዋሚው ላዛረስ ቻክዌራ አሸነፉ። የውጭ ታዛቢ ያላየውን ያየው የራሱን ጣቢያ ውጤት የሚያውቅ የሠፈር ሰው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ለሁለት ዓመት ያህል በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደውን ጦርነት ያቆመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በአፍሪካ ኅብረት ሸምጋይነት በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ነው። ያ ፊርማ የብዙ ወጣቶችን ሕይወት አትርፏል። በድርድሩ ጠረጴዛ የተቀመጡት ግን የፌዴራል መንግሥትና የሕወሓት ተወካዮች ከነሸምጋዮቻቸው ነበሩ፤ የሲቪክ ማኅበራት፣ የተፈናቃዮችና የሴቶች ወንበር አልነበረም። በመሆኑም አፈጻጸሙ ሲጓተት «የፈረማችሁትን አስታውሱ» ብሎ በሙሉ ሥልጣን የሚጠይቅ የሕዝብ ወገን ጠፋ።

ዕድራችን የሚያስተምረን

ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ ለመረዳት የሕግ ትምህርት አያስፈልግም። ዕድር ያለው ሰው ያውቀዋል። የዕድራችሁ መተዳደሪያ ደንብ ከመንግሥት ቻርተር ያጠረ ነው፤ ይሁን እንጂ ይከበራል። ለምን ይከበራል? በቀብር ቀን ስም የሚጠራ ጸሐፊ አለ። የቀረ ይቀጣል። ገንዘብ ያዡ በጉባኤ ፊት ሒሳብ ያቀርባል። ዳኛው ቢያጠፋ በሌላ ይተካል። ሀብታሙም ድሃውም እኩል ድንኳን ይተከልለታል። ስም የማይጠራበት ዕድር ግን ደንቡ በወርቅ ቀለም ቢጻፍ እንኳ በዓመቱ ይፈርሳል።

የአዲስ አበባው ቻርተር ስም ጠሪ የሌለው ዕድር ሆኖ ቆይቷል። ስም ጠሪዎቹ ደግሞ ሲቪክ ማኅበራት ናቸው። የኮተቤ መምህር በማኅበሩ፣ የሾላ ነጋዴ በማኅበሩ፣ ሴቶች በማኅበራቸው፣ ጠበቆችና ጋዜጠኞች በማኅበራቸው ሲቆሙ ነው መንግሥት የፈረመውን የሚጠየቀው። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው ይወርዱ ከነበሩት እናቶች መካከል ተደራጅተው በሽመና የሚተዳደሩ አሉ። ለብቻዋ ሸክም ተሸክማ የምትወርድ ሴት ጥበቃ ቢያስቆማት፣ ደን ጠባቂ ቢቀጣት አቤት የምትልበት አልነበራትም። ስትደራጅ ግን ስም፣ ማኅተምና ተወካይ አገኘች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረታችን ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ዕድሮቻችን የፓርቲ መሣሪያ ይሁኑ አንልም፤ የእኛም የማንም እንዲሆኑ አንፈልግም። ሐዘንተኛው የማን ደጋፊ ነው ተብሎ ድንኳን አይተከልም። የሲቪክ ማኅበራትም ጥንካሬ ከፓርቲ ሁሉ ነፃ መሆናቸው ነው። እኛ ሥልጣን ይዘን ብናጠፋ እኛንም ስማችንን ጠርተው እንዲጠይቁን እንፈልጋለን።

ፓርቲያችን የሚገባው ቃል

የምንገባው ቃል በቁጥር የሚቆጠርና በኋላ ልትጠይቁን የምትችሉበት ነው።

1. የአፍሪካ የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የመልካም አስተዳደር ቻርተር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በሌሎች ቋንቋዎች ታትሞ በየወረዳው፣ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ እንዲዳረስ እናደርጋለን።

2. በአንቀጽ 49 የሚጠየቀው ሪፖርት በየሁለት ዓመቱ ለኅብረቱ ከመላኩ በፊት ለምክር ቤት ቀርቦ በይፋ ክርክር ይደረግበታል። ሲቪክ ማኅበራት የሚጽፉት የተለየ አስተያየትም ሳይቆረጥ አብሮ ይታተማል።

3. ኢትዮጵያ በ1990 ዓ.ም. ፈርማ ያላጸደቀችውን የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ፕሮቶኮል እናጸድቃለን። በፕሮቶኮሉ አንቀጽ 34 የተመለከተውን መግለጫም አብረን እንሰጣለን። ያለዚህ መግለጫ ፍርድ ቤቱ ለመንግሥታት እንጂ ለተበደለ ዜጋ በሩን አይከፍትም።

4. የ1113/2011 አዋጅን የነፃነት መንፈስ እንጠብቃለን። ማንኛውም ማኅበር የሚታገደውም ሆነ የሚፈርሰው በፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻ እንዲሆን ሕጉን እናጠናክራለን።

5. የአገር ውስጥ ታዛቢ ማኅበራት ከምርጫው ከስድስት ወር በፊት የፈቃድ መልስ እንዲያገኙ በሕግ እናስቀምጣለን። የ1997ቱ ዓይነት፣ ፍርዱ ደርሶ ጊዜው ያለፈበት ሁኔታ አይደገምም። የአፍሪካ ኅብረትና ሌሎች ታዛቢዎችም ከመራጮች ምዝገባ ጀምሮ እንዲገኙ እንጋብዛለን።

6. ኢጋድ አባል አገሮቹን በምርጫና በሰላማዊ የሥልጣን ሽግግር ጉዳይ የሚያስር ስምምነት በሥራ ላይ እንዲያውል እንሠራለን። ከኬንያ፣ ከጂቡቲ፣ ከሶማሊያ፣ ከሱዳን፣ ከደቡብ ሱዳንና ከኡጋንዳ ማኅበራት ጋር የኢትዮጵያ ማኅበራት ያለ ፍርሃት እንዲገናኙ በሩን እንከፍታለን። የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ጭሱ እኛም ዘንድ ይደርሳል፤ ስደተኛውም ወደ እኛ ይመጣል።

7. እኛ በምርጫ ብንሸነፍ ውጤቱን ተቀብለን ሥልጣን እናስረክባለን። ይህን ቃል ከሁሉ አስበልጠን እናየዋለን፤ ሌሎቹ ቃሎች ዋጋ የሚኖራቸው ይህኛው ሲጠበቅ ነው።

ከእናንተ የምንጠይቀው

የተከበራችሁ መራጮች፣ ድምፃችሁን ለፓርቲያችን ብትሰጡ ደስ ይለናል። ይህን ሳንደብቅ እንናገራለን። ነገር ግን ለማንም ብትሰጡ የምንለምናችሁ ጥቂት ነገር አለ።

በመጀመሪያ ተመዝገቡ፤ የመራጭነት ካርዳችሁንም ጠብቁ። ካርድ የሌለው ሰው ቅሬታ ለማቅረብ እንኳ መነሻ የለውም።

ሁለተኛ፣ የምትችሉ ሁሉ በምትታመኑበት ገለልተኛ ማኅበር በኩል ታዛቢ ሁኑ። ጡረተኛ መምህራን፣ ሒሳብ የምታውቁ ወጣቶች፣ በጽሕፈትና በመዝገብ ሥራ የኖራችሁ እናቶች ለዚህ ሥራ ከማንም የተሻላችሁ ናችሁ።

ሦስተኛ፣ ሕጉ የእያንዳንዱ ምርጫ ጣቢያ ውጤት ቆጠራው ሲያበቃ በጣቢያው እንዲለጠፍ ያዛል። ወረቀቱ ካልተለጠፈ በሰላም ጠይቁ። ከተለጠፈ አንብቡት፤ ቁጥሩን ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ሆናችሁ በደብተር ጻፉት። በማላዊ እውነቱን ያተረፈው በየጣቢያው የተሞላው ቅጽ መሆኑን አትርሱ። በኮተቤ ወይም በፈረንሳይ ለጋሲዮን የተቆጠረው ቁጥር ወደ ላይ ሲደርስ ሌላ ሆኖ ቢገኝ፣ በሠፈሩ ሰው እጅ ያለው ደብተር ይናገራል።

አራተኛ፣ ከሁሉ በላይ ሰላማችሁን ጠብቁ። ድንጋይ የወረወረ ሰው ለአፈና ምክንያት ለሚፈልጉ ሁሉ ምክንያት ይሰጣል። በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች እንደገና የሚያለቅሱበት ምርጫ አንፈልግም። ኃይላችን በመዝገብ፣ በምስክርነት፣ በፍርድ ቤት አቤቱታና በማኅበር ነው።

የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በከተማችን ቆሟል፤ ቻርተሩም በከተማችን ጸድቋል። የተቀረው ሥራ የእኛ ነው። መንግሥታት የፈረሙትን የሚያስታውሷቸው ዜጎች ካሉ የ1997ቱ ሐዘን አይደገምም። ከሌሉ ግን የትኛውም ፓርቲ ቢመረጥ፣ የእኛም ጭምር፣ ሥልጣን ያለ ጠባቂ እንደሚባልግ እወቁ። ምርጫው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ጥበቃው ግን የዓመታት ሥራ ነው። ከነገ ጀምሮ በየማኅበራችሁ፣ በየሠፈራችሁ ተመካከሩበት።

የሕዝብ ድምፅ ይከበር!
ሕግና ቃል ኪዳን ይከበሩ!
ኢትዮጵያ ለዘለዓለም ትኑር!